ተከራይም አከራይም የሆንኩበት ክረምት

ደምበጫ ስሠራ የተቀጠርኩት ገበሬው እህሉ እንዳይሻግትበት ላስተምር ነበር። በየቀበሌው እየዞርኩ፣ ዋርካ ሥር የተሰበሰበ ሰው ፊት ቆሜ፣ በቆሎ በወጉ ሳይደርቅ ጎተራ ከገባ ምን እንደሚገጥመው እናገራለሁ። «እርጥበትና ሙቀት ከተጋቡ የሚወልዱት ሻጋታ ነው» እላለሁ። ሰው ይስቃል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ከዚያ ወደ ቤቴ ስመለስ የሰንበት ጫማዬ አረንጓዴ ጢም አብቅሎ ይጠብቀኛል።

የተከራየሁት ከአከራዬ ቤት በስተኋላ ያለች አንዲት ክፍል ነበር፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ስለተቀባ ሻጋታው ሲጀምረው አላወቅኩም፤ ቀለሙ የደመቀ መስሎኝ ነበር። ሰኔ አልፎ ሐምሌ ሲገባ ግን አንዱ ጥግ ጠቆረ፤ ከዚያ ጥቁረቱ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወደ አልጋዬ መጓዝ ጀመረ። አልጋዬን ወደ መሃል ሳብኩት። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የሰቀልኩት ካፖርቴ የጠላ ጋን የጠላ ጋን ይሸት ጀመር። ጠዋት ቢሮ ስገባ ባልደረቦቼ «ትናንት የት ነበርክ?» እያሉ በዓይናቸው ይጠቃቀሳሉ። እኔ ጠላ ከቀመስኩ ወር አልፎኝ ነበር።

አከራዬ ስድሳን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በአንድ ዓይናቸው ዶሮዎቻቸውን በሌላው ዓይናቸው ተከራያቸውን የሚጠብቁ ሴት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ሰፈሩ።

«እትዬ፣ ግድግዳው እኮ እያላበው ነው» አልኳቸው መጀመሪያ።

«እያላበው? ምን ሠርቶ?»

ሳምንት ቆይቼ ደገምኩ። በዚያን ጊዜ መልሱን አዘጋጅተው ነበር የጠበቁኝ።

«በር ዘግተህ ስለምትቀቅል ነው። ያ ግድግዳው ላይ የምታየው የራስህ ሽሮ ነው። ክፈተው እንጅ! ቤት እንደ ሰው ነው፤ ካልተነፈሰ ያልበዋል።»

«በር ከፍቼ ልተኛ?»

«ወንድ አይደለህ? ምን ትፈራለህ?»

በሦስተኛው ገብተው እንዲያዩት ለመንኳቸው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «እኔ የወንደላጤ ክፍል ገብቼ ሰው ምን ይለኛል?» አሉ። የሳቸውን ዕድሜ አሰብኩ፤ የኔን መልክ አሰብኩ፤ የሰፈሩን ሰው አሰብኩ። ማንም ምንም እንደማይል እርግጠኛ ነበርኩ፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ለአንዲት የተከበሩ ሴት በምን አፍ ይነገራል?

ቢሮ ውስጥ በሻይ ሰዓት ስለ አከራዮች የማልለው አልነበረም። ባልደረቦቼ ሁሉ ተከራዮች ስለነበሩ አድማጭ አላጣሁም። «አከራይ ማለት ጆሮ የሌለው ፍጡር ነው» አልኩ አንድ ቀን፤ አንዱ ብርጭቆውን አስቀምጦ አጨበጨበልኝ።

እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። እኔም አከራይ ነበርኩ።

ደብረ ማርቆስ እናቴ ትታልኝ የሞተች ሁለት ክፍል ቤት አለችኝ። እኔ በሥራ ደምበጫ ስቀር ቤቷን ለአንድ የሥነ ዜጋ መምህርና ለሚስቱ አከራየሁ። ከአዋሽ በኩል የመጡ የቆላ ሰዎች ናቸው። መምህሩ ከኔ ብዙ አያንስም፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ጋሼ» እያለ አንቱ ብሎ ነው የሚጠራኝ። እንዲህ ተብዬ ስለማላውቅ ደስ አለኝ፤ በስልክ ስናወራ ድምፄን ወፈር አደርጋለሁ።

አከራዬ የራሴን ሽሮ ግድግዳ ላይ ያሳዩኝ ዕለት ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ላስቸግርዎት ነው። በስተጀርባ ያለው ግድግዳ ትንሽ እርጥበት ጀምሮታል።»

«በር ዘግታችሁ ነው እንዴ የምትቀቅሉት?»

«እ?»

«ክፈቱት። ቤት እንደ ሰው ነው፤ ካልተነፈሰ ያልበዋል።»

ስልኩን ከጆሮዬ አውርጄ አየሁት። የተናገርኩት እኔ መሆኔን ለማመን ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ይባስ ብሎ መምህሩ «እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ፎቶ መላክ ጀመረ። በየሦስት ቀኑ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ይመጣል፤ ከሥሩ «ለመረጃ ያህል ነው ጋሼ» የሚል ጽሑፍ አለው። መጀመሪያ የመዳፍ ያህል ነበር። ቀጥሎ የሰፌድ ያህል ሆነ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የመጣው ፎቶ አባይን ከነገባሮቹ ይመስላል። እኔም በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ሁለት የተጣመሩ እጆች እልካለሁ። ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም። እሱም አልጠየቀኝም።

ለምን አልሄድኩም? ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ በዛብኝ፣ ዝናብ ነው እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ደብረ ማርቆስ እኮ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እውነቱ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ቁልፉን እንኳ ለተከራዮቹ የሰጠችልኝ አጥር ለአጥር የምትዋሰነን አክስቴ ናት። ለጥየቃ ስሄድ አክስቴ ቤት እገባለሁ፤ ከጓሮው የቀነጠሰችውን ጎመን በዘንቢል ትሞላልኛለች፤ በዚያው እመለሳለሁ። የአክስቴ ጎመን በበጋ እንኳ ቅጠሉ ጃንጥላ ያክላል። የተከልኩት እኔ ይመስል ለባልደረቦቼ እያካፈልኩ እኮራበት ነበር።

አከራዬ ክፍሌ አልገባም ስላሉ እኔም እንደ መምህሩ ፎቶ አነሳሁ። ጥጉን፣ የአልጋውን ራስጌ፣ የቁም ሣጥኑን ጎን አንስቼ ዶሮዎቻቸውን እህል ሲበትኑላቸው ሄድኩና ስልኩን ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ደከም ስለሚል ስልኩን አርቀው ያዙት።

«ይኸ ጥላ ነው» አሉ በመጀመሪያው። በሁለተኛው «ይኸ ድሮም ነበረ» አሉ። ሦስተኛውን ካዩ በኋላ ማን እንዳስተማራቸው እንጃ በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ ቀጠሉና ሌላም ገፉ።

«ኧረ በማርያም!» አሉ። «ይኸ ደግሞ የቱ ጋ ነው? ይኸ እኮ ግድግዳውን ጨረሰው!»

ልቤ በደስታ ዘለለ፤ በመጨረሻ ገባቸው ብዬ። ጠጋ ብለው አዩት።

«ቆይ፣ ቆይ። ይኸ መስኮት ብረት ነው። የኔ መስኮት እንጨት ነው። አንተ ልጅ፣ ይኸ የማን ቤት ነው?»

ያዩት የመምህሩን ፎቶ ነበር። መዋሸት አሰብኩ፤ ግን ከሥሩ የተጻፈውን አንብብልኝ ቢሉኝስ?

«የኔ ቤት ነው እትዬ። ደብረ ማርቆስ ያለው። አከራይቼው ነው።»

የያዙትን እህል ሁሉ ለዶሮዎቹ አንድ ላይ ደፉና በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። እንዲያ ፊታቸው ሲበራ አይቼ አላውቅም።

«አከራይ ነህ!»

«ነኝ።»

«ታዲያ ምን አልከው ሰውየውን?»

«በር ዘግታችሁ ስለምትቀቅሉ ነው አልኩት።»

«ደግ አደረግህ!» አሉኝ ትከሻዬን መታ አድርገው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኑሯችን ተለወጠ። አከራዬ እንደ ሥራ ባልደረባ ያዩኝ ጀመር። ወደ ክፍሌ ሳልፍ ጠርተው ያስቀምጡኝና ተከራይ ስለሚባል ፍጥረት ያጫውቱኛል። «ተከራይ እኮ አይጠግብም። ጣሪያ ስትሰጠው ግድግዳ ይላል። አሁን አንዱ፣ በየሳምንቱ እየመጣ አላበው ይለኛል፤ የእግር ሹራቡን እንኳ የሚያሰጣው ቤት ውስጥ ነው፤ በበሩ ሽንቁር አይቸዋለሁ።» አንዱ የሚሉት እኔን ነው። እኔን ለኔው ያሙኛል። እኔም «ይገርማል እትዬ» እያልኩ ራሴን አብሬ አማለሁ፤ ምን ላድርግ፣ የሚያወሩበት ጨዋታ ጣፋጭ ነው።

ነሐሴ እንደገባ ከመምህሩ ደብዳቤ ደረሰኝ። በወረቀት ላይ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ፎቶውን አንስቶ ነው የላከው። «ጉዳዩ፦ የሻጋታን ሁኔታ ስለማሳወቅ» ይላል። ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍሎታል። በአንዱ ወገን የተከራይ ግዴታ፤ ቤቱን በንጽሕና መያዝ፣ መስኮት በየዕለቱ መክፈት፣ ብልሽት ሲያይ ሳይውል ሳያድር መናገር። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት «ተፈጽሟል» ብሎ ጽፏል። በሌላው ወገን የአከራይ ግዴታ፤ ጣሪያውን፣ ግድግዳውንና የውኃ መውረጃውን መጠበቅ፣ ሲነገረው መጥቶ ማየት። ከነዚህ ፊት ለፊት ምንም አልተጻፈም። ባዶው ቦታ በጣም ሰፊ ነበር። ከታች «ግልባጭ፦ ለአክስትዎ፣ ለማኅደር» ይላል። ማኅደሩ የት እንዳለ አልገባኝም፤ ቤቱ ውስጥ ከሆነ እሱም ሻግቷል።

ይህን ሁሉ እየሳቅኩ ነበር ያነበብኩት። ከፊርማው በታች ግን በደቃቁ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ «ባለቤቴ ከጀመራት ሳል ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።» እዚያ ላይ ሳቁ ቀረ። ሁለት እጆች የሚላክበት ነገር አልነበረም።

አከራዬ በሚቀጥለው ዓርብ ደብረ ማርቆስ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። ፈቃድ ጠይቄ አብሬያቸው ሄድኩ፤ እሳቸውን ላደርስ፣ በዚያውም ቤቴን ላይ። ሐኪሙ ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ ጨምሮ አየላቸውና ጠብታው እስኪለቅ ሁሉም ነገር ብዥ እንደሚልባቸው ነገራቸው። ክንዳቸውን ይዤ ስንወጣ «እትዬ፣ ሻይ ቤት ልተውዎትና ቤቴን ቶሎ አይቼ ልምጣ» አልኳቸው።

«ምን ቆርጦኝ ነው የምቀር? አከራይ ያለ አከራይ ምስክር ተከራይ ቤት አይገባም።»

በባጃጅ ደረስን። መምህሩ በር ላይ በከረባት ቆሞ ነበር፤ ለደብዳቤው ክብር ይመስለኛል። አከራዬን እጅ ነስቶ «እናትዎ ናቸው ጋሼ?» አለኝ። መልስ ሳልሰጥ እሳቸው ገቡ፤ እኔን ግን እግሬ ደጃፉ ላይ ያዘኝ። ያየሁት የሰው ወንበር፣ የሰው መጋረጃ ነው። የእናቴ አልጋ የነበረበት ቦታ የመጻሕፍት መደርደሪያ ቆሟል። እንደ እንግዳ «ቤቶች!» ብዬ ገባሁ። ሚስቱ ከጓዳ ሆና «ይግቡ» አለችና ሳሏ ቀደማት።

አከራዬ መሃል ወለል ላይ ቆመው አየሩን ሁለት ጊዜ ሳቡ።

«በዚያ በኩል ነው» አሉ፤ ጣታቸውን የቀሰሩት በቀጥታ ወደ ጀርባው ግድግዳ ነው።

«ያዩታል እንዴ እትዬ?»

«ዓይኔ ባያይ አፍንጫዬ ምን ሆነ?»

እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳውን ነኩት። ምርጊቱ እንደ እርጎ ክፋይ በመዳፋቸው ላይ ቀረ። ወደኔ ዞሩ፤ ብዥ ባለ ዓይናቸው እኔን ሳይሆን ከጎኔ የተሰቀለውን፣ መምህሩ በከረባት የተነሣውን ፎቶ ነበር የሚቆጡት፤ ግን ቁጣው አልሳተኝም።

«አንተ! ይኸ ቤት ነው ወይስ የውኃ ጉድጓድ? ክርስቲያን አይደለህም? ሰው ሲጮኽልህ መጥተህ አታይም? በር ክፈቱ ትላለህ! በሩን ቢነቅሉትስ ይኸ ይደርቃል?»

«እትዬ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ደግ አደረግህ ያሉኝ?»

«ሳላየው ነዋ!»

መምህሩ እጆቹን አጣምሮ በአክብሮት ያዳምጥ ነበር። «ይቅርታ እናቴ፣ የጋሼ እናት አይደሉም?»

«እኔ? እኔማ አከራዩ ነኝ።»

መምህሩ ሲያስብ አየሁት። ዓመቱን ሙሉ ስለ መብትና ግዴታ ሲያስተምር እንዲህ ያለ ምሳሌ አላጋጠመውም መሰለኝ። «እርስዎ ቤትስ ሻጋታ አለ?» አላቸው በመጨረሻ።

«ትንሽ አለ» አሉ።

«ትንሽ!» አልኩ እኔ።

«አሁን የመጣነው ስላንተ ቤት ነው» ብለው በሩን እየዳበሱ ወደ ጓሮ ወጡ።

ጓሮው የአክስቴ ጎመን ነው። በሷ አጥር ውስጥ ቦታ ስለጠበባት፣ እናቴ ከሞተች በኋላ «ባዶውን ከሚቀመጥ ጎመን ልትከልበት» ብላኝ እሺ ብያታለሁ። አከራዬ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ለኩ። የጎመኑ አፈር ተኮምሮ ተኮምሮ የቤቱን የድንጋይ መሠረት አልፎ፣ ጭቃ ግድግዳውን እስከ ጉልበት ድረስ አቅፎታል። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ በሙሉ እዚያ መደብ ላይ ያርፋል። በበጋ ደግሞ አክስቴ ጠዋትና ማታ ታጠጣለች። ያ ጃንጥላ የሚያክለው ቅጠል የጠጣው የቤቴን ግድግዳ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴን ቀቅዬ በልቻለሁ።

ድምፅ ሰምታ አክስቴ በአጥሩ ሽንቁር መጣች።

«ጎመኔ ምን አደረገ?» አለች ነገሩ ሲነገራት። «ጎመን ጥርስ አለው? ግድግዳ ይበላል?»

«ጥርስ የለውም፤ ሥር ግን አለው» አሉ አከራዬ።

«እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?»

«የሱ አከራይ።»

አክስቴ እኔን አየችኝ፤ እሳቸውን አየች፤ ነገሩን ለሌላ ጊዜ ተወችው። «ይኸው ስንቱ ፍልሰታን በዚህ ጎመን ጾመ» አለች። «ጎመን በጤና ነው የሚባለው!»

ይህን ጊዜ በር ላይ ቆማ የነበረችው የመምህሩ ሚስት ተናገረች። «ልክ ነው እትዬ። ጎመኑ ለእርስዎ ደረሰ፤ ጤናው ነው ከኛ የሄደው።» ብላ ሳለች።

አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ሳሉን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ተመልሳ ገባችና ዶማ ይዛ መጣች። ለኔ ሰጠችኝ።

ዝናቡ ለሰዓታት አባርቶልን ነበር። እኔ በዶማ፣ መምህሩ ከረባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ በአካፋ፣ አፈሩን ከግድግዳው እያራቅን እንጥላለን። አክስቴ ከፊታችን ከፊታችን እየሄደች እያንዳንዱን ጎመን ከነሥሩ በሁለት እጇ ታወጣለች፤ «ቀስ! ቀስ! እሱ ገና ልጅ ነው!» እያለች። አከራዬ ሳያዩ ያዙናል። «ወደ ቀኝ! አይ፣ ያንተ ቀኝ ሳይሆን የቤቱ ቀኝ!»

ጉልበት ያህል እንደወረድን ዶማዬ ድንጋይ መታ። ቀጥሎ ያለውም ድንጋይ ነበር። በእጄ ጠረግሁት፤ በሥርዓት የተደረደረ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከቤቱ ጥግ እስከ አጥሩ ሥር እየወረደ የሚሄድ የውኃ ቦይ ነበር።

«እሷ ናት የደረደረችው» አለች አክስቴ፤ ጎመኗን ታቅፋ እንደቆመች። «በየግንቦቱ ትጠርገው ነበር። ረሳኸው?»

ረስቼው ነበር። ዝናብ ሳይገባ እናቴ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ እዚህ ጓሮ ስትንበረከክ፣ እኔ ሳልጠራ በፊት ለመጥፋት ጫማዬን በእጄ ይዤ በአጥር ስወጣ ትዝ አለኝ። ከጠራችኝ ቦይ ታስጠርገኛለች ብዬ። ቤቱን ሰጥታኝ ስትሄድ ስለ ቦዩ አልነገረችኝም፤ ወይም ነግራኝ ይሆናል፤ አልሰማሁ ይሆናል። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በእጄ ጠረግኳቸው። ማንም አላስቸኮለኝም። መምህሩ አካፋውን ተደግፎ ከረባቱን ሲያስተካክል ቆየ።

ያ ሁሉ ካበቃ በኋላ አከራዬ ወደ ቤት ገብተው እንደገና መዳበስ ጀመሩ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ፕላስቲክ ነካ። የብረቱ መስኮት ዙሪያውን በወፍራም ፕላስቲክና በማጣበቂያ ታሽጓል።

«ይኸ ምንድነው?»

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ብርድ ነው እናቴ። እኛ የቆላ ሰዎች ነን። ነሐሴን በዚህ አገር…»

«መስኮት በየዕለቱ መክፈት፣ ተፈጽሟል» አልኩ እኔ። ደብዳቤውን በቃሌ ይዤው ነበር።

«ተፈጽሟል ያልኩት… ከመታሸጉ በፊት ያለውን ጊዜ ነው ጋሼ።»

«እኔ ነግሬው ነበር» አለች ሚስቱ። አከራዬ ፕላስቲኩን በአንድ ስበት ቀደዱት። ብርዱ ሲገባ መምህሩ ከረባቱን እንደ ሹራብ አጠበቀው።

ምርጊቱን ያን ዕለት መልሰን እንድንመርገው ፈልጌ ነበር፤ አከራዬ ግን እርጥብ ግድግዳ ላይ ምርጊት ቁስልን ሳያጥቡ ማሰር ነው አሉ። ክረምቱ ይውጣ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይፋቅና ይመረግ። ከመስቀል በኋላ አስመርጋለሁ ብዬ ለመምህሩ ቃል ገባሁ። «በጽሑፍ ቢሆን» አለኝ። ጻፍኩለት። እስከዚያ ሚስቱ ከዚያ ግድግዳ እንድትርቅ አልጋቸውን እኔና እሱ ተሸክመን ወደ ፊተኛው ክፍል አዛወርን።

ስንመለስ አከራዬ ሚኒባሱ ውስጥ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። የዓይን ጠብታው ያደከማቸው መስሎኝ ነበር። አማኑኤልን እንዳለፍን ወደ መስኮቱ ዞረው ተናገሩ።

«ዶሮዎቹ ውኃ የሚጠጡባት ረጅሟን ገንዳ ታውቃታለህ?»

«የቆርቆሮዋን? አውቃታለሁ።»

«አሸንዳህ ናት።»

«ምን?»

«ያንተ ክፍል አሸንዳ። አምና በነፋስ ወለቀች። አስመልሳለሁ ስል ዶሮዎቹ ጠጡባት፤ ልክ ሆነችላቸው። ምን ላድርግ?»

አንድ ዓመት ሙሉ በዚያች ገንዳ ጎን ሳልፍ ኖሬያለሁ። ጠጥተው አንገታቸውን ወደ ላይ ሲያቀኑ እያየሁ፣ የታደሉ ዶሮዎች ብያለሁ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከፊታችን የተቀመጠው ሰው ዞሮ አየን። እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሆዳቸው ይስቁ ነበር፤ ትከሻቸው ያስታውቃል።

እንዲያም ሆኖ አሸንዳዋ በማግስቱ አልተመለሰችም። ለዶሮዎቹ ሌላ መጠጫ መገኘት ነበረበት። በሳምንቱ አንድ አሮጌ ጎማ በቢላዋ ለሁለት ሰንጥቄ አመጣሁላቸው። ዶሮዎቹ ሁለት ቀን አኮረፉ፤ ከዚያ ጠጡ። በሦስተኛው ቀን አናጺ ጠሩና አሸንዳዋ ተሰቀለች። ዝናቡ መጣ፤ ውኃው እየተንኳኳ በአሸንዳዋ ወርዶ ወደ መንገዱ ቦይ ሲሄድ፣ እኔና አከራዬ በረንዳ ላይ ቆመን እንደ ሰልፍ አየነው።

«አሁን ደግሞ ያንተ ተራ ነው» አሉኝ። «ልግባ፣ ልየው።»

«የወንደላጤ ክፍል? ሰው ምን ይልዎታል?»

«ይበል!»

ገቡ። ዓይናቸው ያን ጊዜ ደኅና ያይ ነበር፤ አለመታደሌ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ የወጠርኩትን ገመድ፣ በላዩ የተሰጣውን ሸሚዝና የእግር ሹራብ አዩ። ግድግዳው ላይ እንደ ልጥፍ የተጠጋውን ቁም ሣጥን አዩ። ከዚያ ከአልጋዬ ሥር አንድ ጆንያ በእግራቸው ነካ አደረጉ።

«ይኸስ?»

ለገበሬዎች ማሳያ ያመጣሁት በቆሎ ነበር። ሳይደርቅ የተሸለቀቀ፤ «እንዲህ ከሆነ ይሻግታል» ብዬ ላሳይበት ነው ያስቀመጥኩት። አፉን ፈትተው አዩት። ትምህርቱ በሚገባ ሠርቷል፤ ሁለት ወር ከጆንያው ጋር ተኝቻለሁ።

«ለገበሬው የምታስተምረው ይኸን ነው?» አሉኝ። ጆንያውን ተሸክሜ ወጣሁ። ገመዱን ፈትቼ በረንዳ ላይ ወጠርኩት፤ ቁም ሣጥኑን አንድ ክንድ ከግድግዳው አራቅሁት። ኅዳር ላይ ጥጉ ደርቆ ነጭ ዱቄት ሆነ፤ ጠረግሁት፤ እሳቸው ኖራ ገዝተው እኔ ቀባሁት። ካፖርቴ ግን ምንም ባጥበው ሽታው አለቀቀውም፤ ሰጠሁት።

የደብረ ማርቆሱን ቤት ጥቅምት ላይ አስመረግሁ፤ ከቃሌ ሦስት ሳምንት ዘግይቼ ነው፤ መምህሩም ሦስት ሳምንት መዘግየቱን ጽፎ አሳውቆኛል። የሚስቱ ሳል ቆመ። አክስቴ ጎመኑን አጥሩ ሥር ተክላዋለች። እንደ ድሮው አይደለም፤ ቅጠሉ የእጅ መዳፍ አያክልም። ስትሰጠኝ «ብላ እንግዲህ፣ ድንጋይህን ካወጣህ ወዲህ እንዲህ ሆኗል» ትለኛለች።

በዚያው በበጋ አከራዬ ከኔ ቀጥሎ ያለችውን ክፍል ሊያከራዩ አንዲት ወጣት አስተማሪ አመጡ። ልጅቷ ብልህ ናት፤ ጣሪያውን አየች፤ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች፤ ቀጥላ «ክረምት ላይ እርጥበት የለውም?» ብላ ጠየቀች። አከራዬ ፈጠን ብለው ጠሩኝ።

«ና እስቲ ንገራት! እሱም አከራይ ነው፤ አይዋሽሽም።»

ልጅቷ ወደኔ ዞረች። አከራዬ ከኋላዋ ሆነው በዓይናቸው ያስጠነቅቁኛል።

«አለው» አልኳት። «ክረምት ላይ አለው። ግን ካየሽ ቶሎ ንገሪያቸው፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግመሽ። ትንሽ ይቆያሉ እንጂ ይሰማሉ።»

«መቼ ነው የቆየሁት?» አሉ አከራዬ።

ልጅቷ ሳቀችና ክፍሏን ያዘች። እሳቸው ግን እስከ ቅዳሜ ድረስ አላናገሩኝም።